በቱቦ ውስጥ የሚለቀቅ ፕሮቲን፦ የፕሌትሌት ናሙናን ሳይቀሰቀስ ለማዘጋጀት ዝርዝር መመሪያ

ከአንድ ሰው ክንድ በአንድ ጊዜ ሁለት ቱቦ ደም ቅዱ። አንዱ ረግቶ ሲረም (ከረጋው ደም የሚለየው ፈሳሽ) እንዲወጣው ተዉት፤ ሌላውን እንዳይረጋ አድርጋችሁ ፕላዝማውን (ሴሎቹ የሚዋኙበትን ፈሳሽ) ለዩ። በሁለቱም ውስጥ ቤታ ትሮምቦግሎቡሊን የሚባለውን ፕሮቲን ለኩ። በጥንቃቄ በተዘጋጀ የጤናማ ሰው ፕላዝማ ውስጥ በአብዛኛው በሚሊ ሊትር ከ50 ናኖግራም በታች ታገኛላችሁ፤ በሲረሙ ውስጥ ግን በሺዎች የሚቆጠር ናኖግራም ይኖራል። ሰውየው አንድ ነው፤ ደሙም አንድ ነው። ልዩነቱን የፈጠሩት ቱቦው ውስጥ ጓዳቸውን ያራገፉት ፕሌትሌቶች፣ ደም እንዲረጋ የሚረዱት ጥቃቅን የሴል ቁራጮች፣ ናቸው።

በሲረም ይህ የሚጠበቅ ነው። አስቸጋሪው ነገር «ፕላዝማ» የሚል በተለጠፈበት ቱቦ ውስጥም ማንም ሳያዛቸው ጥቂት ጥቂት መልቀቃቸው ነው። መርፌ ሲገባ፣ ደም በጠባብ ቀዳዳ ሲገፋ፣ ናሙናው ጠረጴዛ ላይ ሲቆይ፣ ሴንትሪፊውጁ (ናሙናውን በፍጥነት አሽከርክሮ የሚለየው መሣሪያ) በኃይል ሲቆም፣ ፕላዝማው በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ፣ በእያንዳንዱ አጋጣሚ የተወሰኑት ይቀሰቀሳሉ። ይህ መመሪያ የፕሌትሌት ፕሮቲኖችን በፕላዝማ ውስጥ ለሚለኩ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና ተመራማሪዎች እንዲሁም ፕሌትሌት በራሱ ጊዜ የሚለቀውን መጠን ማጥናት ለሚፈልጉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ የዚህ ምርመራ ዕጣ የሚወሰነው ደሙ ከተቀዳ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነው። ያኔ የተበላሸውን ናሙና የትኛውም ውድ የኤላይዛ (የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ) ማንበቢያ አያድነውም።

ጥቂቱ ለምን ብዙ ይሆናል?

ፕሌትሌት ኒውክለስ የሌለው፣ ስፋቱ ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር የሆነ፣ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ካሉ ሜጋካርዮሳይት ከተባሉ ግዙፍ ሴሎች ተቆርሶ የሚወጣ የሴል ቁራጭ ነው። በደም ውስጥ ከ7 እስከ 10 ቀን ይኖራል። በውስጡ ከ50 እስከ 80 የሚደርሱ አልፋ ግራኑል የሚባሉ ከረጢቶች አሉት። ፕሌትሌት ፋክተር 4 ወይም በአጭሩ ፒኤፍ 4፣ ቤታ ትሮምቦግሎቡሊን፣ ፋይብሪኖጅን፣ ፎን ዊልብራንድ ፋክተር፣ ትሮምቦስፖንዲን፣ እንዲሁም ቪኢጂኤፍ፣ ፒዲጂኤፍና ቲጂኤፍ ቤታ የተባሉት የእድገት ፕሮቲኖች የሚቀመጡት እዚህ ነው። በቁጥር በጣም አነስ የሚሉት ዴንስ ግራኑሎች ደግሞ ኤዲፒ፣ ሴሮቶኒንና ካልሲየም ይዘዋል። ኤዲፒን ልብ በሉ፤ የወጣው ኤዲፒ በአጠገቡ ያለውን ፕሌትሌት ይቀሰቅሳል፣ እርሱም በተራው የራሱን ይለቃል። መልቀቅ ተላላፊ ነው ማለት ይቻላል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በአንድ ቢሊዮን ፕሌትሌት ውስጥ ለስሌት ያህል 20 ማይክሮግራም ቤታ ትሮምቦግሎቡሊን አለ እንበል። በማይክሮሊትር 250,000 ፕሌትሌት ያለው ሰው በአንድ ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ ሩብ ቢሊዮን ፕሌትሌት አለው፤ ይህም 5,000 ናኖግራም ተሸክሞ ይዞራል ማለት ነው። ከመቶ ፕሌትሌቶች አንዱ ብቻ ቱቦው ውስጥ ቢያራግፍ 50 ናኖግራም ይጨመራል። ፕላዝማው የደሙ ግማሽ ገደማ ስለሆነ ደግሞ በፕላዝማው ውስጥ የሚታየው ጭማሪ ወደ 100 ናኖግራም ይጠጋል። አንድ በመቶ ስሕተት ውጤቱን ሁለትና ሦስት እጥፍ አደረገው።

የካንሰር ሕመምተኞችን ቪኢጂኤፍ የሚለካ፣ ቢዲኤንኤፍ የተባለውን የነርቭ ሴሎች የእድገት ፕሮቲን ከድባቴ ጋር የሚያያይዝ፣ ወይም ለአልዛይመር ሲል በደም ውስጥ ያለውን አሚሎይድ ቤታ የሚከታተል ተመራማሪ ሁሉ ይህ ጣጣ አለበት፤ እነዚህ ሁሉ ፕሌትሌት ውስጥ አሉና። እነዚህን ፕሮቲኖች በሲረም ለክቶ «በደም ውስጥ ያለው መጠን» ብሎ መጻፍ፣ በእኔ እምነት፣ የፕሌትሌት ቆጠራን በሌላ ስም ማቅረብ ነው።

ደረጃ 1፦ ሰውየውን ማዘጋጀት

ባለፉት 10 ቀናት አስፕሪን ወስዶ እንደሆነ ጠይቁ። አስፕሪን ሳይክሎኦክሲጅኔዝ የተባለውን ኢንዛይም ለዘለቄታው ስለሚዘጋና ፕሌትሌትም ኒውክለስ ስለሌለው አዲስ ኢንዛይም መሥራት አይችልም፤ ውጤቱ ፕሌትሌቱ እስከሚሞት ይቆያል። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም መመዝገብ አለባቸው፤ ሰዎች «መድኃኒት አልወሰድኩም» ሲሉ የራስ ምታት ክኒን ማለታቸው እንዳልሆነ አስቡ። ሕክምና ላይ ያለ ሰው የታዘዘለትን አስፕሪን ለእናንተ ጥናት ሲል ማቋረጥ የለበትም፤ መዝግባችሁ ቀጥሉ።

ከማታ ጀምሮ ምግብ ያልቀመሰ ቢሆን ይመረጣል፣ ስብ የበዛበት ፕላዝማ ለንባብ ያስቸግራልና። ሲጋራም ቡናም ከቀጠሮው በፊት ይቅር። ቡናን ማስከልከል በአገራችን ቀላል ጥያቄ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ካፌይን በፕሌትሌት ላይ ያሉትን የአዴኖሲን ተቀባዮች ይዘጋል፣ እኛ ደግሞ ከታች እንደምታዩት አዴኖሲንን ለማረጋጊያነት ልንጠቀምበት ነው። ቀጠሮውን ማልዶ ማድረግ ችግሩን ያቃልለዋል። ከዚያ ሰውየው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ተቀምጦ ይረፍ።

ደረጃ 2፦ ደም መቅዳት

ብዙው ጥፋት የሚፈጸመው እዚህ ነው። 21 ጌጅ መርፌ ተጠቀሙ። መርፌው በቀጠነ ቁጥር ደሙ ሲያልፍ የሚደርስበት ፍትጊያ ይጨምራል፤ ፕሌትሌትም ፍትጊያን የቁስል ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። የክንድ ማሰሪያውን በልኩ አጥብቁ፤ ደም መፍሰስ እንደጀመረ ፍቱት፤ በአጠቃላይ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። «ጨብጥ፣ ዘርጋ» እያሉ ማድከም አያስፈልግም።

መርፌው ቆዳና የደም ሥር ግድግዳ ሲበሳ ቲሹ ፋክተር የተባለ ፕሮቲን ከቁስሉ ወደ ደሙ ይገባል። ይህ ፋክተር ትሮምቢን እንዲመረት ያደርጋል፤ ትሮምቢን ደግሞ እጅግ በጥቂቱ እንኳ ፕሌትሌትን የሚያስነሣ ኃይለኛ ቀስቃሽ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ደም ለዚህ ምርመራ አይሆንም። ለሌላ ምርመራ አውሉት ወይም አስወግዱት። የቢራቢሮ መርፌ ከያዛችሁ ይህ የመጀመሪያ ቱቦ ሌላ ጥቅምም አለው፤ በመርፌው ላስቲክ ውስጥ ያለውን አየር ይወስድላችኋል። አለበለዚያ አየሩ ወደ ሲትሬት ቱቦው ገብቶ ቱቦው ሳይሞላ ይቀራል።

ደሙ በራሱ ፍጥነት ያለማቋረጥ መፍሰስ አለበት። የደም ሥሩ ጠፍቶ መርፌውን ወዲያ ወዲህ ካንቀሳቀሳችሁ፣ ወይም ደሙ ጠብ ጠብ እያለ ከመጣ፣ ያንን ናሙና ለፕሌትሌት ፕሮቲን አትጠቀሙበት። ሌላ ክንድ ሞክሩ። በሲሪንጅ ስባችሁ በመርፌ ቀዳዳ ወደ ቱቦ መግፋት ክልክል ነው፤ ደሙ ሁለት ጊዜ ይፈተጋል፣ ቀይ የደም ሴሎችም ይፈነዳሉ። ከፈነዱት ቀይ ሴሎች የሚወጣው ኤዲፒ ፕሌትሌቶቹን ይቀሰቅሳል።

ደረጃ 3፦ ትክክለኛውን ቱቦ መምረጥ

ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የሄፓሪን ቱቦ አይሁን። ሄፓሪን ከፒኤፍ 4 ጋር በጥብቅ ይያያዛል፤ ራሱም ፕሌትሌትን ሊረብሽ ይችላል። ወይን ጠጅ ክዳን ያለው የኢዲቲኤ ቱቦ ለሴል ቆጠራ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በኢዲቲኤ ውስጥ ፕሌትሌት ያብጣል፣ ቅርጹም ይለወጣል። በአንዳንድ ሰዎች ደም ደግሞ ፕሌትሌቶች በኢዲቲኤ ምክንያት እርስ በርስ ተጣብቀው ቆጠራው በሐሰት ዝቅ ይላል።

ሰማያዊ ክዳን ያለው የ3.2 በመቶ ሶዲየም ሲትሬት ቱቦ የተሻለ ነው፤ ዘጠኝ እጅ ደም ለአንድ እጅ ሲትሬት። ሲትሬት ካልሲየምን ይይዛል እንጂ ፕሌትሌቱን አያስተኛም። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራው ሲቲኤዲ የሚባለው ቱቦ ነው፤ ሲትሬት፣ ቲዮፊሊን፣ አዴኖሲንና ዳይፒሪዳሞል አንድ ላይ ይዟል። አዴኖሲን በፕሌትሌቱ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን የማረጋጊያ መልእክት ከፍ ያደርጋል። ቲዮፊሊንና ዳይፒሪዳሞል መልእክቱን የሚሰብረውን ኢንዛይም ያግዳሉ፤ ዳይፒሪዳሞል በተጨማሪ ቀይ ሴሎች አዴኖሲኑን እንዳይወስዱት ይከላከላል። ሦስቱ ተረዳድተው ፕሌትሌቱን ያስተኙታል። ይህ ቱቦ ብርሃን አይወድም፤ እስከምትጠቀሙበት በካርቶኑ ውስጥ ይቀመጥ። የሚያበቃበትን ቀን ማየትም አትርሱ፤ ከግዢ እስከ ርክክብ ወራት በሚወስድበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቱቦውን እስከ ምልክቱ ሙሉ፤ ከ90 በመቶ በታች የሞላ ቱቦ አትቀበሉ። ከዚያ በእርጋታ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ገልብጡት። መነቅነቅ ግን የለም።

የሰውየው ሄማቶክሪት (ቀይ ሴሎች በደሙ ውስጥ የሚይዙት ድርሻ) ከ55 በመቶ በላይ ከሆነ ፕላዝማው ጥቂት ስለሚሆን ሲትሬቱ ይበዛበታል፤ ይህ ለተለመደው የሲትሬት ቱቦ የሚሠራ ማስተካከያ ነው። የሲትሬቱ መጠን በሚሊ ሊትር እንዲህ ይሰላል፦ 0.00185 ሲባዛ በ(100 ሲቀነስ ሄማቶክሪት) ሲባዛ በደሙ መጠን። ሄማቶክሪቱ 60 ለሆነና 4.5 ሚሊ ሊትር ደም ለምትቀዱለት ሰው 0.5 ሳይሆን 0.33 ሚሊ ሊትር ሲትሬት ይበቃል። ይህ ማስተካከያ በአንዲስ ተራሮች ለሚኖሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል። የሰሜን ተራሮቻችን ነዋሪዎች ግን ከ3,500 ሜትር በላይ እየኖሩ ሄሞግሎቢናቸው በቆላ ካለው ሰው ብዙም የማይርቅ መሆኑ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ «ደገኛ ነው» ብላችሁ ብቻ ሲትሬት አትቀንሱ፤ ለክታችሁ ወስኑ።

ደረጃ 4፦ በረዶ ወይስ የክፍል ሙቀት?

ስለ ፕሌትሌት ትንሽ ያነበበ ሰው ሁሉ «አታቀዝቅዙት» የሚለውን ያውቃል። እውነት ነው፤ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ፕሌትሌት ዝርግ ሳሕን መሰል ቅርጹን ትቶ ይድቦለቦላል፣ እሾህ መሰል እጆች ያወጣል። የደም ባንኮችም ለሕመምተኛ የሚሰጥ ፕሌትሌትን ከ20 እስከ 24 ዲግሪ እያወዛወዙ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። እኛ ፕሌትሌቱ በሕይወት ቆይቶ እንዲሠራልን አንፈልግም፤ እስከ ቅጂው ቅጽበት ድረስ በፕላዝማው ውስጥ የነበረውን ፕሮቲን ብቻ ነው የምንፈልገው። የቅርጽ ለውጥና ግራኑልን ማራገፍ አንድ አይደሉም፤ ማራገፍ ጉልበትና የኢንዛይም ሥራ ይጠይቃል፣ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይህ ሥራ ይተኛል። ስለዚህ የሲቲኤዲ ቱቦው ወዲያው፣ በተቀዳበት ቦታ፣ ተፈጭቶ ከውኃ ጋር በተደባለቀ በረዶ ውስጥ ይግባ። ውኃ የሌለበት የበረዶ ጥራጊ ቱቦውን በሁሉም ጎን ስለማይነካው ቀስ ብሎ ያቀዘቅዛል፤ ለፕሌትሌት ደግሞ የከፋው በመካከለኛ ቅዝቃዜ ላይ ማዝገሙ ነው። ቢያንስ 15 ደቂቃ በበረዶው ውስጥ ይቆይና ወደ ሴንትሪፊውጅ ይሂድ።

በአንጻሩ የፕሌትሌትን ሥራ ወይም መልቀቁን ራሱን የምታጠኑ ከሆነ በረዶ አታስጠጉ። «የክፍል ሙቀት» የሚለውንም በቴርሞሜትር አረጋግጡ። አዲስ አበባ በክረምት ማለዳ ላቦራቶሪው ከ20 ዲግሪ በታች ሊሆን ይችላል፤ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ከ30 በላይ ነው።

ናሙናውን ሰው በእጁ ያድርስ። በትልልቅ ሆስፒታሎች ያለው በአየር ግፊት ቱቦ የሚልክ መሥመር ፍጥነቱና ንቅናቄው ለዚህ ናሙና አይስማማም።

ደረጃ 5፦ ማሽከርከር

በየደቂቃው የሚዞረውን ዙር ብቻ ጽፎ የሚተው መመሪያ ለሌላ ላቦራቶሪ አይጠቅምም፤ የሚያስፈልገው በጂ፣ ማለትም በምድር ስበት እጥፍ፣ የሚለካው ኃይል ነው። ኃይሉ እንዲህ ይገኛል፦ 0.00001118 ሲባዛ በሮተሩ ራዲየስ በሴንቲሜትር፣ ሲባዛ በዙሩ ስኩዌር። ራዲየሱ 16 ሴንቲሜትር በሆነ ሮተር 2,500 ጂ ለማግኘት በደቂቃ 3,740 ዙር ገደማ ያስፈልጋል፤ 200 ጂ ለማግኘት ደግሞ 1,060 ገደማ።

ሴንትሪፊውጁን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ አስቀድማችሁ አቀዝቅዙ። ናሙናውን በ2,500 ጂ ለ30 ደቂቃ አሽከርክሩ። ፍሬኑን ዝጉት፤ በራሱ ቀስ ብሎ ይቁም። ፍሬን ሲያዝ የተዘቀጡት ፕሌትሌቶች ተናውጠው ወደ ፕላዝማው ይመለሳሉ። ኤሌክትሪክ በመሐል ቢጠፋ ቱቦው በበረዶ ውስጥ ይመለስና ሙሉው 30 ደቂቃ እንደገና ይጀመር፤ በመዝገቡም ይጻፍ።

ደረጃ 6፦ ፕላዝማውን ማንሣት

የፕላዝማውን መካከለኛ ሲሶ ብቻ በፕላስቲክ ፒፔት በዝግታ ውሰዱ። ከላይ ያለው ስብና ተንሳፋፊ ፕሌትሌት፣ ከታች ያለው ደግሞ ነጩ ንጣፍ (የነጭ ደም ሴሎችና የፕሌትሌት ንጣፍ) አጠገብ ያለ ፕሌትሌት ይዟል። ሁሉንም ለማንሣት መሰሰት አያስፈልግም፤ ሁለት ጠብታ ተጨማሪ ፕላዝማ ለማግኘት ሲባል ናሙናው በሙሉ ይበላሻል።

አሁን ብዙዎች ወደሚሳሳቱበት ነጥብ ደርሰናል። ለደም መርጋት ምርመራ በማይክሮሊትር ከ10,000 በታች ፕሌትሌት የቀረበት ፕላዝማ «ፕሌትሌት ያነሰው» ተብሎ ያልፋል። ለእኛ ሥራ ግን ይህ ልክ በጣም ብዙ ነው። ያ ፕላዝማ ፍሪዘር ገብቶ ሲወጣ የቀሩት ፕሌትሌቶች በበረዶው ይሰነጠቃሉ፤ በቀደመው ስሌት በሚሊ ሊትር 200 ናኖግራም ቤታ ትሮምቦግሎቡሊን ይጨምራሉ፣ ከእውነተኛው መጠን አራትና አምስት እጥፍ። ስለዚህ የተነሣው ፕላዝማ በአዲስ ቱቦ በ10,000 ጂ ለ10 ደቂቃ በቀዝቃዛ ይሽከርከር፤ ከግርጌው ጥቂት ተትቶ የላይኛው ይወሰድ። የተለመደው የሴል ቆጣሪ መሣሪያ በዚህ ዝቅተኛ መጠን አስተማማኝ ስላልሆነ የቀረውን በፍሎው ሳይቶሜትር (ሴሎችን አንድ በአንድ በብርሃን በሚመረምር መሣሪያ) ወይም በመቁጠሪያ መስታወት አረጋግጡ።

በትንንሽ ቱቦዎች ከፋፍላችሁ በፍጥነት አቀዝቅዙና በ70 ወይም በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጡ። ለምርመራ ሲወጣ በ37 ዲግሪ በፍጥነት ይቅለጥ፤ የቀለጠው አይመለስም።

ደረጃ 7፦ የተለቀቀው የት ነው? በሰውነት ወይስ በቱቦ?

ከመላው ሥራ እኔን የሚማርከኝ ይህ ነው፤ ናሙናው ራሱን እንዲመሰክር ማድረግ ይቻላልና። ፒኤፍ 4ንና ቤታ ትሮምቦግሎቡሊንን ከአንድ ቱቦ አንድ ላይ ለኩ። ሁለቱም በፕሌትሌት ውስጥ በተቀራራቢ መጠን ይገኛሉ፣ አብረውም ይወጣሉ። በሰውነት ውስጥ ግን ዕድሜያቸው ይለያያል። ፒኤፍ 4 በደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ላይ ካለው ሄፓራን ሰልፌት ጋር እየተጣበቀ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል፤ ቤታ ትሮምቦግሎቡሊን በኩላሊት በኩል ቀስ ብሎ ይወገዳል፣ ዕኩሌታ ዕድሜውም 100 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ ከሰውነት የመጣ ደም ውስጥ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ሁለቱም አብረው ከፍ ብለው ሬሾው ከወረደ የተለቀቀው በቱቦ ውስጥ ነው፤ ናሙናውን ጣሉት። ቤታ ትሮምቦግሎቡሊን ብቻውን ከፍ ካለ ፕሌትሌቶቹ በሰውነት ውስጥ ተቀስቅሰው ይሆናል፤ ነገር ግን የኩላሊት ሥራ መለኪያ የሆነውን ክሪያቲኒን ሳታዩ አትወስኑ፣ የኩላሊት ድክመትም ያንኑ ያሳያል። ፒኤፍ 4 ብቻውን ከፍ ካለ ሰውየው ሄፓሪን እየተሰጠው እንደሆነ ጠይቁ። ሄፓሪን ከደም ሥር ሽፋን ላይ የተጣበቀውን ፒኤፍ 4 ነቅሎ ወደ ደም ያወጣዋል፤ ፕሌትሌቱ ምንም አላደረገም።

በተጨማሪ ኤልዲኤች የተባለውን ኢንዛይምና ነጻ ሄሞግሎቢንን ለኩ። ኤልዲኤች በግራኑል ውስጥ የለም፤ በሴሉ ፈሳሽ ውስጥ ነው። ቀይ ሴል ሳይፈነዳ ኤልዲኤች ከፍ ካለ ፕሌትሌቶቹ የለቀቁት ተቀስቅሰው ሳይሆን ተሰብረው ሊሆን ይችላል።

ድንገተኛ መልቀቁን ራሱን ለማጥናት

ዓላማችሁ ፕሌትሌት ሳይነካ በራሱ ምን ያህል እንደሚለቅ ማወቅ ከሆነ የታጠበ ፕሌትሌት ያስፈልጋችኋል። ደሙን ስድስት እጅ ለአንድ እጅ ኤሲዲ በተባለ ደም እንዳይረጋ በሚያደርግ ፈሳሽ ውስጥ ቅዱ፣ በ200 ጂ ለ15 ደቂቃ ያለ ፍሬን አሽከርክራችሁ በፕሌትሌት የበለጸገውን የላይኛውን ፕላዝማ ውሰዱ። ፕሮስታግላንዲን ኢ1 እና አፒሬዝ ጨምሩ፤ የመጀመሪያው ፕሌትሌቱን ያስተኛል፣ ሁለተኛው የሚያመልጠውን ኤዲፒ ይሰብራል። ፒኤቹን ወደ 6.5 አውርዳችሁ ፕሌትሌቱን አዝቅጡ፤ ከዚያም ግሉኮስና አልቡሚን ባለበት ፒኤቹ 7.4 በሆነ የታይሮድ ማጠቢያ ውስጥ በቀስታ በትኑት። 30 ደቂቃ ይረፍ።

ከዚያ ናሙናውን ለሁለት ክፈሉት። ከአንዱ እጅ በዜሮ፣ በ30፣ በ60 እና በ120 ደቂቃ ጥቂት ጥቂት እየወሰዳችሁ ወዲያው በበረዶ አቀዝቅዙና ፕሌትሌቱን አዝቅጣችሁ ከላይ ያለውን ፈሳሽ አስቀምጡ። ሌላውን እጅ ትራይተን ኤክስ 100 በተባለ ሳሙና መሰል ኬሚካል ሰብራችሁ ጠቅላላ ይዘቱን ለኩ። የተለቀቀው ለጠቅላላው ተካፍሎ በመቶኛ ይጻፋል፤ ከላይ ባለው ፈሳሽ 120፣ በተሰበረው 4,800 ናኖግራም ከተገኘ 2.5 በመቶ ነው። የዜሮ ደቂቃው መጠን ከሁሉም ላይ ይቀነስ፤ እርሱ የማጠቡ እንጂ የፕሌትሌቱ ልቅቀት አይደለም። በዜሮ ደቂቃ ላይ ፒ ሴሌክቲንን በፍሎው ሳይቶሜትር ተመልከቱ፤ ይህ ፕሮቲን በተኛ ፕሌትሌት ላይ አይታይም፣ አልፋ ግራኑል ሲራገፍ ግን ወደ ገጹ ይወጣል። ገና ከጅምሩ ብዙ ፕሌትሌቶች ከያዙት ያ ዝግጅት ስለ ድንገተኛ መልቀቅ የሚነግራችሁ የለም፤ በሌላ ደም እንደገና ጀምሩ።

ውጤቱን መጻፍ

ከቁጥሩ ጋር እነዚህን አያይዙ፦ የተቀዳበት ሰዓት፣ ወደ በረዶ የገባበት ሰዓት፣ የቱቦው ዓይነት፣ ኃይሉ በጂ፣ የፕሌትሌት ቆጠራው፣ የቀረው ፕሌትሌት፣ የሁለቱ ፕሮቲኖች ሬሾ። ሲትሬቱ ፕላዝማውን እንዳቀጠነውም አትርሱ። ሄማቶክሪቱ 45 በሆነ ሰው ዘጠኝ እጅ ደም ውስጥ 4.95 እጅ ፕላዝማ አለ፤ አንድ እጅ ሲትሬት ሲጨመር 5.95 ይሆናል፤ ስለዚህ እውነተኛው መጠን የተለካው ሲባዛ በ1.2 ነው። ማባዛቱን አድርጋችሁ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ በውጤቱ ወረቀት ላይ በግልጽ ጻፉ፤ ያልተባዛውን ከሌላ ላቦራቶሪ ከተባዛው ጋር የሚያወዳድር አንባቢ በሁለቱ መካከል 20 በመቶ ልዩነት ያገኛል፣ ያም ልዩነት ከበሽታ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።